ሁለተኛዋ ሰረዝ

በአዳማ ጤና ጣቢያ፣ ክፍል ቁጥር ሰባት፣
ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ግድግዳው ትኩሳት።
"ከሠላሳ አይለፍ" ይላል ሳጥኑ ላይ፤
ማንበብ መች ታውቃለች የአዳማ ፀሐይ?
ቴርሞሜትር ሰቅዬ ጠዋት ማታ አያለሁ፣
ሳጥኑን እርጥብ ጨርቅ አለብሰዋለሁ፣
እንዳተኮሰው ልጅ።

ሌንጂሳ በያጅ ነው፣ የብረት በር ሠሪ፣
ጣቱን የነካከሰው የእሳት ፍንጣሪ።
ቆዳው ተረከዝ ነው፤ መርፌው አልበሳውም፣
ሁለቴ ወጋሁት፣ ምንም አልመሰለውም።
ሠርጉ በጥር ነው። ቢሊሌ ውጭ አለች፣
የራሷን ጨርሳ ወረቀት ይዛለች፣
በወረቀቱ ፊቷን ታራግባለች።

አንዲት ጠብታ ደም፣ አሥራ አምስት ደቂቃ፤
የግድግዳው ሰዓት ቆማለች ባትሪዋ አልቃ፤
የምቆጥረው በስልኬ ነው።
ቀድሞ ያነበበ ጥሬ ይቆረጥማል፣
ዘግይቶ ያነበበ ያልተጻፈ ያያል።

አንደኛዋ ሰረዝ ቀላች፣ ደመቀች፤
ምስክር ናት እሷ፤ "ሠርቷል" ብቻ አለች።
ሁለተኛዋ ግን
የወደቀች ሽፋሽፍት፤
ዘንበል ስል አያታለሁ፣
ቀና ስል አጣታለሁ።
መብራቱም ሄዷል፤ ወደ መስኮት ይዣት ሄድኩ፣
መስታወቱ አቧራ ነው፤ በክንዴ ወለወልኩ።
ዐይኔ ይሆን? ሙቀቱ? ወይስ ደሙ?
ከሦስቱ ማነው የዋሸው?

የመጀመሪያው ሳጥን አመነ፣ ሁለተኛው ካደ፣
ሦስተኛው እያመነታ ከአንደኛው ጋር ሄደ።
አፌ ደረቀ።
"የለም" ማለት አውቃለሁ፤
ወንበር ስቤ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "አለ" ማለትም ለምጃለሁ፤
"አላውቅም" ማለትን ማን አስተማረኝ?

"በዐሥራ አራት ቀን ተመለስ" አልኩት።
የጣቱን ጥጥ አየ። ጊዜ ወሰደ።
"በርሜል ስበይድ" አለኝ፣ "በዐይኔ አላምንም፤
ያማረ ስፌት ሁሉ የተዘጋ አይደለም።
ውሃ ሞልቼ ሜዳ አሳድረዋለሁ፣
ጠዋት ሥሩን በመዳፌ እዳብሰዋለሁ።
ይደር እንግዲህ።"

ለቢሊሌ ምን እንዳላት አልሰማሁም።
በመስኮቱ አየኋቸው፤ አንድ ባጃጅ ውስጥ ገቡ፣
በመሃላቸው ሦስተኛ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው።

ዐሥራ አራት ቀን አለፈ፤ ነፋስ አቧራ ነፋ፣
ሦስቴ መብራት መጣ፣ አራቴ ጠፋ።
አዲስ ሳጥን ደረሰ፣ ሌሊት የተጓዘ፣
ስነካው ካርቶኑ ገና የቀዘቀዘ።
መጡ፤ ሁለቱም።
ጠብታው ወረደ፣ ስልኬ ቆጠረ፣ ጮኸ።
አንዲት ሰረዝ። ብቻዋን። ቀጥ ብላ።
ዘንበል አልኩ፣ ቀና አልኩ፤ ሌላ የለም።
ሌንጂሳ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ እያዳበሰ
"ሥሩ ደረቅ ነው" አለ።
ቢሊሌ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም፤
ግን አለቀሰች።

ደስ ብሎኝ ነበር፣ እስከ ማታ ድረስ።
ማታ ሌላ ሴት መጣችብኝ፤
ሁለተኛው ሳጥን ከመጋዘን በጠፋ ሰሞን
በአንዲት ብጣሽ ብቻ "አለብሽ" ያልኳት።
አረንጓዴ ኮንጎ ጫማ። ስሟ መዝገቡ ውስጥ ነው፣ እኔ ጋ የለም።
"ይደር" አላለችም።
እኔም አላልኳትም።
ልክ ነበርኩ ይሆናል።
ይሆናል።
የሚስተው ከብዙ አንድ ነው ይላል መመሪያው፤
አንድ ትንሽ ቁጥር ናት፣ በር እስክታንኳኳ።

ጠዋት ክፍሉን ከፈትኩ። ሃያ ዘጠኝ ተኩል።
ጨርቁን ነከርኩት።