ቅዳሜ የሚሞተው ሰው

ፒያሳ፣ ጣልያን ትቶት በሄደው፣ በዚያ ሲኒማ ቤት፣
ስሙን አናውቅም ነበር፤ መልኩን ግን እንደ ጎረቤት፦
አፍንጫው ጎበጥ ያለ፣ ግንባሩ ሰፊ፣ ዓይኑ ፈዘዝ፣
ደጅ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ሌላው ሲያዝ የሚታዘዝ።

አንዳንዴ የባንክ ጸሐፊ፣ ሁለት እጁን የሰቀለ፣
አንዳንዴ ሸሪፍ፣ ከፈረሱ ሳይወርድ የተገደለ፤
አንዴ ሐኪም፣ አንዴ ሰካራም፣ አንዴ የመርከብ ወጥ ቤት፣
አንዴም ዳኛ ሆኖ መጣ፤ አዳራሹ "ተሾመ!" ብሎ እልል አለለት።
ግን ሹመት መች በረከተ! መዶሻውን እንዳነሣ
በመስኮት ጥይት ገባ፤ ዳኛችንም አልተነሣ።

"ሟቹ" አልነው፤ ሌላ ምን እንበለው?
የአዘዞው ወታደር፣ የቀሃው ሸማኔ፣ ፖስተር ላይ ጀግናውን አልፎ እሱን ነው የሚፈልገው።
"ሟቹ አለበት?" ይሏታል፣ ወይዘሮ አንጓች ቲኬት ስትቆርጥ፤
"አለበት፤ ግን ቶሎ ግባ፣ ሞቱ ዛሬ እንዳያመልጥ።"

እኔ ከላይ ነበርኩ፤ በማሽኑ ቤት፣ በካርቦን ጭስ፣
የአያ ቢያድግልኝ ረዳት፣ ጥቅል የማቀብል፣ መስተዋት የማብስ።
አንዳንድ ሌሊት፣ ሕዝቡ ሲበተን፣ ዘበኛው በር ሲዘጋ፣
ማሽኑን በግልባጭ ያስሮጥልኛል፣ ለእኔ ብቻ፣ ያለ ዋጋ፦

አቧራው ወደ መሬት ይመለሳል፣
ጥይት አፈሙዙ ውስጥ ይገባል፣
ሟቹ ብድግ ይላል፤
ባርኔጣው ዘሎ ራሱ ላይ ያርፋል፣
ፊቱ ወደ እኛ እንደሆነ የኋሊት ይራመዳል፣
በሩ ይከፈትለታል።
"አየህ?" ይለኛል። "መግደሉ የእነሱ ነው፤
ማስነሣቱ ግን የእኛ እጅ ነው።"

ከዓመታት በኋላ፣ ከቅዳሜ ገበያ፣ ሩብ ኪሎ ስኳር በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ፤
ስኳሩን ገልብጬ ብዘረጋው፣ ያ ጎባጣ አፍንጫ ብቅ ብሎ ወጣ።
የፀጉር ቆራጭ ልጅ ነው ይላል። ከአባቱ ወንበር ኋላ ቆሞ
የሰውን ፊት በመስተዋት አጠና፤ የሚዋሸውን፣ የሚያፍረውን፣ አስቀድሞ።
መቶ አሥር ፊልም። አንዴም ስሙ በትልቅ ፊደል አልተጻፈ።
አንዴም የወደዳትን አላገባ
(ሸራው ላይ ነው እንጂ፣ በቤቱስ ከአንዲት ሚስቱ አላለፈ)።
"ዋናው ሰው ደጅ ሲደርስ" አለ አሉ፣ "የሚከፍትለት ማን አለ?
እኔ ነኝ። በሩን በወጉ ካልከፈቱለት፣ ጀግናም ጀግና አልመሰለ።"
ከታች፣ እጥፉ ላይ፣ ፊደሉ በደበዘዘበት፦
አልጋው ላይ፣ በእንቅልፉ፣ ጥይት ሳይነካው ዐረፈ።

ጋዜጣውን ይዤ ሮጥኩ። ወይዘሮ አንጓች ሳቀች፦
"እሱ? ስንቴ ሞቶ! ቅዳሜ ይመጣል" አለች፣ ሳንቲም እየቆጠረች።
መሪጌታ ፈንቴ ብቻ ቆም አሉ፤ "ስመ ክርስትናው ማነው?"
"እኔ እንጃ፣ አባቴ" አለ አያ ቢያድግልኝ፤ "እኛ የምናውቀው ሟቹን ነው።"

ቅዳሜ መጣ።
የሆቴል ተላላኪ ሆኖ፣ ሻንጣ ተሸክሞ፤
ለጀግናው በር ከፈተ፣ ጥይቱን ተቀበለ፣ ወደቀ፣ እንደ ቀድሞ።
ፊልሙ አለቀ። ወትሮ መብራት የሚበራው ያኔ ነው፤
አያ ቢያድግልኝ ግን እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው።
የማንም ዓይን የማያርፍባቸው ስሞች በጨለማው ሽቅብ ይወጣሉ፤
የእሱም አለ፣ ከታች፣ ካለ ስም ከቀሩት "ፖሊስ" እና "ሾፌር" በላይ፤
ፊደል በፊደል ስቆጥር፣ ሳልጨርሰው፣ አለፈ ወደ ላይ።

ከታች ያፏጫሉ። "መብራት! ኧረ መብራት!"
"ይጠብቁ" አለ አያ ቢያድግልኝ፤
"እሱ ስንቱን ጠበቀ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ለስንት ዓመት።"