ችካል ቁጥር አርባ ሰባት

እኔ ቀያሽ አይደለሁም፤ የቀያሽ ዘንግ ያዥ ነኝ፤
ከቦዬ ረግረግ ዳር ቆሜ፣ ጨፌው እስከ ጉልበት ዋጠኝ።
ኢንጂነር ሙባረክ ከደረቁ ላይ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣
«ወደ ግራ! ትንሽ ወደ ግራ!» ይለኛል፣ ግራ ማለት መስመጥ ሆኖ።

ካርታው ላይ እዚህ ቢጫ ነው፤ ቢጫ ማለት መኖሪያ ቤት።
«ውሃው የታለ?» ስለው፦ «ሰማያዊ ቀለም አልቆ ነው፣ የፕሪንተሩ ስህተት።»

አባ ገሮ መጡ፣ ላማቸውን በገመድ እየሳቡ፤
ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡ።
«ሁሉም አለበት፤ መንገዱ፣ ክሊኒኩ፣ ገበያው፤
ክረምት የሚያድርበትስ? የውሃው መኝታ የት ነው?»

ሙባረክ ሳቀ።
ቆየና አልሳቀም። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፤
የአምናውን የአዌቱን ጎርፍ አስቦ ይሆናል፣ የለካውን ደግሞ ለካ።
«ከተማው መምጣቱ አይቀርም አባቴ፤ ልጆችዎም ቤት ይሻሉ።»
«ይምጣ! መች ጠላሁ? ልጄ ኑረዲን ኪቶ ነው፤ ባንድ ክፍል አምስት ያድራሉ።
ግን እንግዳ ሲገባ፣ ባለቤቱን ከመደቡ ያስነሳል?
ውሃ ቂም አይዝም ልጄ፤ አድራሻውን ግን መች ይረሳል?»

ያን ለት ችካል አነሰን፤ ከአጥራቸው ኮርች ቆረጥን፣
በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈን፣ በመዶሻ ጭቃው ውስጥ ቀበርን።
አርባ አምስት። አርባ ስድስት። አርባ ሰባት።
ረግረግ ሲውጥ ድምፅ አለው፣ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮ፤
አባ ገሮ ቆመው አዩን፣ ምንም አላሉም ከዚያ ኑሮ።

ክረምት ገባ።
የጡብ ሠሪዎቹ ጉድጓድ ሞላ፣ የቢሮው ስብሰባ ሞላ፤
ፋይላችን ከፋይል ሥር ተኛ፣ ጨፌው ከውሃ ሥር ተኛ።

በጥቅምት ተመለስን።
አርባ አምስት የለም። አርባ ስድስትን ውሃው ወስዶታል።
አርባ ሰባት ግን ቆሟል፤
ቀይ ቁጥሩን በቅርፊት ሊሸፍን ጥቂት ቀርቶታል፤
ከአናቱ ሦስት ሦስት ሆኖ ቅጠል ወጥቶታል።

ሙባረክ ቅጹን ዘረጋ፤ «ነባር የመሬት አጠቃቀም» ይላል፣ ባዶ መስመር።
«ምን ልበል?» አለኝ። እኔን! ዘንግ ያዡን!
«በቅሏል በል» አልኩት።
ጻፈ። ሰረዘ። ደግሞ ጻፈ።
ከዚያ ቢጫውን መስመር ወደ ጅሬን በኩል፣ ወደ ዳገቱ፣
ሰማንያ እርምጃ ሳበው፣ እየተርበደበደ ጣቱ።

ማዘጋጃ ቤት ያጽድቀው አያጽድቀው፣ እስካሁን አልሰማንም።
ትናንት ባለፍ፣ አባ ገሮ ላማቸውን ከአርባ ሰባት ላይ አስረዋል፤
ካሉት ቅጠሎች ሁለቱን በልታለች።