ንጋት ወዳዶች

በርን። የኅዳር ማለዳ። ሰማዩ በረዶ አርግዟል።
ከሆስፒታሉ ምድር ቤት የሬጉላ መብራት በርቷል።
ከማጉያው ሥር የተኛው፣ የሰናፍጭ ቅንጣት የሚያህል፣
ከአንድ ልጅ የምግብ ቧንቧ ትናንት የተቆነጠረ አካል።

ላውሪን ነው ስሙ፤ ዘጠኝ ዓመቱ።
ሌላው በልቶ ሲነሣ እሱ ገና ዳቦ የሚቆርስ፣
በያንዳንዷ ጉርሻ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ የሚያፈስ።
አክስቱ «ቅብጠት ነው» አለች። መምህሩ «ዝግ ያለ ልጅ» ብሎ ጻፈ።
ቧንቧው ግን ቀለበት አውጥቶ፣ ጠቦ፣ ለሾርባ ብቻ ተረፈ።

አየቻቸው።
በፈዛዛው ሮዝ መስክ ላይ እንደ በርበሬ ብናኝ የቀሉ፣
አስኳላቸው መንታ ፍሬ፣ በአንድ አገዳ የተንጠለጠሉ፤
ኢዮሲኖፊሎች።
ቀዩን ቀለም ጠጥተው ስለሚሰክሩ ነው ስማቸው፣
ቀለሙም የግሪክ ንጋት ነው፤ ንጋት ወዳዶች ናቸው።
ምን ያደርጋል፤ የፀሐይ ጭላንጭል የማያውቀው ዋሻ ሞልቷል፣
ንጋት የሚወድ ሠራዊት ጨለማ ውስጥ ተኮልኩሏል።

ትቆጥራለች፤ በከንፈሯ። አሥራ አምስት ላይ ወሰኑ ያልቃል።
ሃያ። ሠላሳ አራት። ሃምሳ።
ስልሳ ሦስት ላይ ጣቷ ይደክማል።

ድሮ የተቀጠሩት ለትል ነበር፤
ትሉ ከዚህ አገር ወጥቶ ስንት ክረምት ተቆጠረ፣
ዘቡ ግን ትእዛዝ አልደረሰው፤ ጦሩን እንደሰበቀ ቀረ።
ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ ይባላል፤
እዚህ ግን ጅብ አልነበረም። የመጣው እንግዳ ወተት ነው፤
ከኋላ የተሸሸጉት፣ ሌላ ቀለም ካልጠጡ የማይታዩት
ማስት ሴሎች ደወሉን የደወሉት ለሱ ነው።
ዘቡም ለጠላት ያኖረውን መርዝ
በገዛ ግድግዳው ላይ ደፋው።

የላውሪን አባት፣ ቤአት፣ አይብ ሠሪ ነው ከአያት ቅድመ አያቱ፤
ሸሚዙ አጓት አጓት ይሸታል፣ በሰንበት እንኳ፣ በበዓላቱ።
ልጁ ይጠንክርለት ብሎ፣ ላሟ እንደታለበች ትኩሱን፣
ራሱ ነበር በየማለዳው የሚያጠጣው፣ ደግፎ ሳህኑን።
ሐኪሟ ስትነግረው መዳፉን ገልብጦ አየው።
ዝም አለ።

ሚያዝያ።
ሬጉላ መስኩን ዞረችው ከዳር ዳር፤ ሁለት ብቻ አገኘች።
አላመነችም መሰል፣ መስታወቱን ጠርጋ ደግማ አየች።

ቤአት ግን ከላሞቹ ሲመለስ፣ በበረቱ ደጃፍ፣ በብርዱ፣
ሸሚዙን ያወልቃል፤ በሳሙና ይፋተጋል እስከ ክንዱ፤
ልጁን ከማቀፉ በፊት።

ሐኪሟ ይህን አላዘዘችም።