«በግልጽ»

ግቢያችን አርባ አንድ ቤት፣ አንድ መዋኛ፣ አንድ ቁልቋል፤
የቱሳን ፀሐይ ጠጠሩን እንደ ሽምብራ ይቆላል።
የእኔ የምለው ከደፌ ወዲህ፣ የአንተም ከደፍህ ወዲያ፤
መሃሉ የሁላችን ነው፣ መተላለፊያ፣ መተያያ።

የቁጥር ሰባቱ፣ ሌላንድ ክራውደር፣
በቁምጣ፣ በነጠላ ጫማ፣ ቆሻሻ ሊጥል ሲያዘግም
ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነው።
ደብዳቤ ሊያይ ሲወርድ ወገቡ ላይ ነው።
ቃሪያውን ሲያጠጣም።
አፎቱ ቡናማ ቆዳ፣ ጠርዙ የተላላጠ፣
እንደ መነጽር ቤት ለምዶ ከጎኑ የተቀመጠ።
ማንንም አልተናገረ፣ ማንንም አልገላመጠ፤
ጠዋት «ደህና አደራችሁ?» ይላል፣
ዓይናችን ግን ከፊቱ ቀድሞ ለወገቡ እጅ ይነሣል።

ማሪቤል ኦቾዋ ጻፈችልን፦
«እሱ ወንበሩን ሲያስጠጋ ልጄ ከመዋኛው ትወጣለች፤
ምነው? ስላት፣ ውኃው በረደኝ ትለኛለች።
በሐምሌ! በቱሳን ሐምሌ!»

እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ያዥ።
መተዳደሪያውን ገለጥኩ፤
ውሻ በገመድ ይያዝ ይላል፣
የሥጋ መጥበሻ ከግድግዳ ይራቅ፣
መዋኛው ዳር ጠርሙስ አይግባ።
ስለ ብረት አንድም ቃል የለ።
ጠበቃው መለሰ፦ «የግዛቱ ሕግ ይፈቅዳል፤
የግቢ ደንብ ግን ምናልባት ይከለክላል፤
ደረጃው መንገድ ነው ወይስ ቤት? ያ ገና ያከራክራል።»
ለዚያች «ምናልባት» አራት መቶ ዶላር አስከፈለን።

ስለዚህ እኔው አረቀቅሁ፣ አንዲት አንቀጽ፣ አጭር፦
በጋራ ቦታዎች ሽጉጥ በግልጽ መታጠቅ ክልክል ነው።
ደህና በር መሰለችኝ፣ ገጥማ የምትዘጋ።

ረቡዕ ማታ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወረድኩ።
ክራውደር ብቻውን ከአንሶላ ጋር ይታገላል፤
ሰፊ ነው፣ የባልና ሚስት፣
አንዱን ጫፍ ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል።
ቀበቶው ወንበር ላይ፣ ሽጉጡ ማድረቂያው ላይ።
«እስቲ ይቺን ጫፍ ያዢልኝ» አለ።
ያዝኩለት። ወደ እሱ ሄድኩ፣ ወደ ኋላ ተመለስኩ፣
እንደ ጭፈራ፣
አንሶላው በየዙሩ እየታጠፈ፣ እያነሰ።
ማድረቂያው ከጀርባው ይንቀጠቀጣል፤
ሽጉጡ ከነአፎቱ
እንደ ኤሊ ስንዝር በስንዝር ከጠርዙ ደረሰ።
አንሶላውን ለቅቄ ቀለብኩት።
ሞቀኝ፤ አሁን እንደተጣለ እንቁላል ሞቀኝ፣
ከበደኝም፣ ካሰብኩት በላይ።

ሰውየው አንዴ እጄን፣ አንዴ ወለሉን አየና
«ሁልጊዜ ቬርላ ነበረች የምትይዘው» አለ።
የቱን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ። የፕላስቲክ ወንበር፣ የሚያንቋርር ማራገቢያ።
አሮጊቷ ዊኒፍሬድ ተነሥታ
«መኪናዬ በሌሊት ሲሰበር
ከአርባ አንድ በር የተከፈተው የእሱ ብቻ ነበር» አለች።
ማሪቤል ወለሉን አየች።
እሱ ከኋላ ተቀምጧል፣ ታጥቆ፣ ገና አልተከለከለማ።
ሃያ ደገፉ። ሃያ ተቃወሙ።
የቀረችው የእኔ እጅ ናት፣ ሙቀቷ ያልወጣላት።
አነሣኋት።

ክራውደር ሕግ አክባሪ ነው፤ በማግስቱ ታዘዘ።
አሁን ቆሻሻ ሊጥል ሲወጣ
ሸሚዝ ደርቧል፣ ሰፊ፣ እስከ ጭኑ።
«ደህና አደራችሁ?» ይላል።
የኦቾዋ ልጅ ውኃው ውስጥ ናት፣ እስከ አገጯ።
ዓይናችን ከፊቱ ይጀምርና
ወደ ሸሚዙ ይወርዳል፣ እጥፋቱን ያነባል፤
ከእሱ አልፎ ወደሚቀጥለው ሰው፣
ወደ ፖስተኛው ኪስ፣ ወደ ማሪቤል የእጅ ቦርሳ።

«በግልጽ» የምትለዋን ቃል
እኔ ነኝ የጻፍኳት።
ቃለ ጉባኤው ላይ፣ ከፊርማዬ በላይ፣
ቁልጭ ብላ ትታያለች።