ብሎን የሌለው ጀርባ

ሄርማታ ገበያ፣ ሁለት ክንድ በማትሞላ ሱቄ ውስጥ፣
ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር ሲንጣጣ፣
የስልክ ጀርባ በሞቀ አየር እያባበልኩ ስፈለቅቅ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ የምሟገተው
አይቼው ከማላውቅ ሰው ጋር ነው።

ማነህ አንተ? በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው መብራት ስር
ተቀምጠህ ነው ይህን ለስላሳ ጀርባ የነደፍከው?
ብሎኑን ምን በላው?
ለአንድ ጥፍር መግቢያ፣ ለፀጉር ማለፊያ
ስንጥቅ መተው ምን ነበረው ክፋቱ?
ወይስ ከፋብሪካው ደጅ ወዲህ
እጅ ያለው ሰው የሌለ መስሎህ ነው?

የድሮዎቹ ደጎች ነበሩ።
ክዳናቸው በአውራ ጣት ሲገፉት ቀጭ ብሎ ይሸሻል፣
ሆዳቸው እንደ ባላገር ቤት ለመጣ ሁሉ ይከፈታል፤
የሰቃው ገበሬ በኅዳር የቡና ገለባ ሞልቶበት ሲያመጣው
በጥርስ ብሩሽ ጠርጌ፣ እፍ ብዬ፣
«በል ደውልበት» እለው ነበር።
የዛሬዎቹ ፊታቸውም ጀርባቸውም መስታወት፤
እንደ ሹም ልጅ ቆንጆ ናቸው፣ አይነኩም።
አልዋሽም፣ ያምሩኛል።
ማታ ሱቁን ዘግቼ ጠርዛቸውን በጣቴ እየተከተልኩ
ቀጥ ያለው የት ጋ አልቆ ኩርባው የት ጋ እንደጀመረ
ፈልጌ የማጣበት ጊዜ አለ።

ከማዶ አባ ዱራ በርጩማ ይጠርባል።
አንድ ግንድ ዋንዛ፣ ሦስት እግር፣
ምስማር የለ፣ ሙጫ የለ፣
ጎርባጣ መሬት ላይ ቢያኖሩት አይወላውልም።
እሱም እኮ ብሎን የለውም!
ይህን ሳስብ ንዴቴ ይበርዳል፣
ወዲያው ደግሞ ይነሳብኛል፤
የበርጩማው እግር ቢሰበር
አባ ዱራ እዚሁ ነው፣ ከጭቃው ማዶ፣
ስሙን ጠርተህ ትሰድበዋለህ።
አንድ ቀን በርጩማውን ገልብጦ
ሆዱን በጠርሙስ ስባሪ ሲያለሰልስ አየሁት።
«ማን ሊያየው ነው?» አልኩት።
ቀና ሳይል፣ «ማንም። ሲሸከሙት ግን ጣት ያገኘዋል።»

ሐሙስ ለታ ዙልፋ መጣች፤
ጃንጥላዋን ሳታጥፍ በሩ ላይ ቆማ
የወንድሟን የሙዘይንን ስልክ አቀበለችኝ፤
ሙዘይን፣ ያ የመጋዘኑ ሚዛን ላይ የሚቆመው፣
ባለፈው ክረምት ያረፈው።
«ድምፁ አለበት» አለች።
«ደግሞ ቀፎውን እንዳትቀይረው።»
ገለበጥኩት። የአምራቹ ስም ተፍቆ ጠፍቷል፤
ቀኝ ማዕዘኑ ላይ የብር ቀለሙ ለቆ
ጥቁሩ የወጣበት፣ የአንድ አውራ ጣት ልክ።
ያ ሰውዬ ኩርባውን ጀመረው እንጂ
የጨረሰው ሙዘይን ነው።

አሞቅኩት። ካርዴን በጠርዙ ሰደድኩ።
ሙጫው እንደ ማር እየተሳበ ለቀቀ።
ከውስጥ፣ ማንም በማያየው ግድግዳ ላይ፣
የሩዝ ፍሬ የምታህል ቀስት፣
ከፕላስቲኩ ጋር አብራ የተቀረጸች፣
ወደተደበቀው መንጠቆ ታመለክታለች፤
በዚህ በኩል ግፋ።

ስንቱን መንጠቆ በግምት ሰብሬያለሁ!
ስንቱን ስድብ ወደማላውቀው አገር ልኬያለሁ!
ምናልባት ለእኔ አይደለችም፤
ምናልባት ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ፣
እንቅልፍ ለከበደው ለፋብሪካው ልጅ የተተወች ናት።
ይሁን። ጣቴ አገኛት።

ስክሪኑ ሲበራ ዙልፋ ጃንጥላዋን አጠፈች።
ድምፁን እኔ ፊት አልከፈተችም።
ከመግጠሜ በፊት ሙጫውን አሳሳሁ፣
በመርፌ ጫፍም ከቀስቷ ጎን
ሌላ ቀስት ጫርኩ፣ ጠማማ፣ ካርድ ወደሚገባበት፣
ለሚቀጥለው ከፋች፣ ማንም ይሁን ማን።
አውራ ጣቱ በነበረበት ላይ አውራ ጣቷን አሳርፋ ሄደች።

ዝናቡ አላባራም።
ቀጣዩ ደንበኛ ስልኩን ሩዝ ውስጥ ቀብሮ
ከነድስቱ ተሸክሞ ደረሰ።