ላሜራው

ከቧንቧ ውሃ ቁልቁል፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣
ክዳኑን ሌባ የወሰደው ጉድጓድ ነበር።
በጋውን ሙሉ ዘለልኩት፤
ልጄንም መዝለል አስተማርኩት።

ማዘጋጃ ቤቱ፣ «የስልክ ነው» አለ፤
ስልክ፣ «የውሃና ፍሳሽ»፤
ውሃና ፍሳሽ፣ «ደብዳቤ አምጡ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው»።
ቁጥሩ ሳይወጣ ክረምት ገባ፤
ጦሳ ጉሙን ሰፈራችን ላይ ለቀቀው።

ጦይባ ከማታ ትምህርት ስትመለስ፣
መብራት የለ፣ ጎርፉ የጉድጓዱን አፍ ሞልቶ
መንገድ አስመስሎት፣
አንድ እግሯን አምና ሰጠችው።

ዘበኛው እንድሬ፣ «ቅርንጫፍ ተክዬበት ነበር፣
ማን ለማገዶ እንደነቀለው እንጃ» ይላል።

በማግስቱ ሦስት መኪና መጣ፤
ፎቶ አንስተው፣ ሜትር ዘርግተው፣
«የእግረኛዋ ጥንቃቄ ጉድለት» ብለው ጽፈው ሄዱ።

ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ገባሁ።
እግሯ በጄሶ ታስሮ
«አብሽር» አለችኝ፤ እሷ፣ ለኔ።
«ጉድጓዱን ግን አንተ ታውቀው ነበር?»
ብርቱካኑን ላጥኩላት።

ለዶሮ ቤት የገዛሁት ላሜራ
አልጋዬ ስር ዓመት ተኝቶ ነበር፤
ዛሬ ጉድጓዱ ላይ ነው።
ሰው ሲረግጠው ይጮኻል፤
ሌሊት ሌሊት እሰማዋለሁ፤
አንድ፣ ሁለት፣
«ተሻገረ» እላለሁ።