ላልቶና ጠብቆ

አላሙራ ግርጌ፣ ወደ ቱላ ሳቀና፣
ሦስተኛ ገባልኝ ብዬ፣ አልገባም ነበርና፣
ሞተሩ ባዶውን ጮኸ።
ፔዳሉ እግሬን እሺ ይላል፤ ማርሹ ግን አይሰማም፤
መሐል መንገድ የቀረ መልእክት ነው፣ አይቆጣም፣ አይስማማም።

ከኋላዬ በከመነዳሪ የጠፈርሁት የናይትሮጅን ገንቦ፣
በውስጡ የፈረንጅ ኮርማ ዘር፣ ከውርጭም የባሰ በርዶ፤
ከፊቴ የርብቃ ሀመሶ ላም፣
ከንጋት ጀምራ የምትጮኽ፤ "ነገ" ቢሏት አትሰማም።
ዛሬ ካለፈ ሃያ አንድ ቀን ነው፤
የላም ቀጠሮ እንደ ቢሮ አይደለም፣ ማኅተም አያራዝመው።

ወርጄ ተንበረከክሁ።
ዘንጉ ደኅና ነው፣ ፔዳሉም ደኅና፤
ሁለቱን የምታገናኝ፣ ሽምብራ የምታህል አንጓ ናት
ውስጥ ውስጡን ያለቀችው፣ እኔ ምን ገዶኝ ስረግጣት።
አሥራ አንድ ዓመት ስሟን እንኳ ጠይቄ አላውቅ፤
ብነካት ተወዛወዘች፣ እንደ ልጅ ጥርስ ልትወልቅ።

ከመንገዱ ዳር ካለው አጥር ሽቦ ፈትቼ ወሰድሁ፤
ባለቤቱን ይቅርታ። አጥሩ ዘመም ሲል አላየሁም አልሁ።
አሰርሁ፣ ጠመዘዝሁ፣ በፒንሳ አጠበቅሁ፤
እስከ መጀመሪያው ጉብታ ነበር የተማመንሁ።
ከዚያ ወዲያ ሁለተኛ ማርሽ ብቻ።
እያቃሰትሁ ወደ ሐዋሳ ተመለስሁ።
የሸንኮራ ጋሪ ቀደመኝ፤
ነጂው ልጅ አለንጋውን ዘረጋልኝ፣ ለሞተሩ።

መናኸሪያ አጠገብ፣ መለዋወጫ ቤት፣
ሻጩ ከስልኩ ቀና ሳይል "አለ" አለ።
አጥብቆ ነው ያለው፤ ልቤ ሞላ።
ካርቶን ገለበጠ፣ መሰላል ወጣ፣ አቧራ አራገፈ፤
"ጋሼ አለ ብሎኝ ነበር እኮ" አለ።
አለ አለ እንጂ፣ የለም።

እንግዲህ ፊደላችን እንዲህ ነው፤ ምልክት አያኖርም፣
የቱ ጋ እንደሚላላ፣ የቱ ጋ እንደሚጠብቅ አይናገርም፤
አንባቢው ራሱ ነው የሚረግጠው፤
አንዳንዱም እንደ እኔ ሳይገባ ገባ ብሎ የሚነዳው።

አቶቴ፣ ከብየዳ ቤቱ ጎን፣ ማዳልቾ
አንጓዋን በቤንዚን አጥቦ፣ ወደ ፀሐይ አቅንቶ፣
"አርጅታለች" አላለም። ዝም አለ።
ከጣሳው፣ ከዳዶውና ከብሎኑ መሐል፣
የሞተ ሚኒባስ መስታወት ይዛ የኖረች ኳስ መረጠ፤
ሞረደ፣ ለካ፣ ሞረደ፣ ግራሶ ቀባ፣ ገጠመ።
"አጥብቀው" አልሁት።
"ጨርሳ ከጠበቀች ትሰበራለች" አለ፤
"ጨርሳ ከላላች ደግሞ..."
ወደ እኔ አየና ተወው።

"ሦስት መቶ" አለ።
ይሄንን አለ ላልቶ ነው የሰማሁት፤
ኪሴ ግን አጥብቆ ሊመልስለት አልቻለም።
"በል ለደሞዝ ይሁን" ብሎ እጁን በአሸዋ አሸ።

አባ ኮዳዎች ምሰሶው ላይ፣ እንደ ዳኛ ጎብጠው፣
ስወጣ አዩኝ። ማርሹ ቀጭ ይላል፣ ቀጭ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ሳያስፈልግ እንኳ እቀይረዋለሁ፣ ድምፁን ለመስማት።

ቱላ ስደርስ መሽቷል።
ላሟ ተኝታ ታመነዥካለች።
ርብቃ ባትሪዋን ፊቴ ላይ አበራች፣
"አሁን ምን ልታደርግልኝ ነው?" አለች፤
"ከላይ፣ በመንገዱ፣ የማን እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ወይፈን መጣ፤
ጨርሶ ነው ያገኘነው። ያውልህ፣ ከግራሩ አስረነዋል።
ቀንዱ ላይ፣ እየው እስቲ፣ የአጥር ሽቦ አለ።"

ገንቦውን ሳልፈታ ቆምሁ።
ከዚያ ወደ ወይፈኑ ሄጄ፣ ቀስ ብዬ፣
ሽቦውን ከቀንዱ ላይ ፈታሁ፣
ጠቅልዬም ኮርቻው ሥር ከተትሁ።
ነገ ሲነጋ፣ አላሙራ ግርጌ እቆማለሁ።
ፒንሳው ኪሴ ውስጥ አለ።